ባንክ የላክኋቸው ሽማግሌዎች

ጎታች መኪና ሕንፃችን በር ላይ ሲቆም መጀመሪያ የሳቅኩት እኔ ነበርኩ። በሌላ ሰው የመጣ መስሎኝ ነው።

ቅዳሜ ረፋድ ነው። ከበላያችን ያሉት ጎረቤቶች ልጅ ክርስትና አስነስተው፣ እንግዳው ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ተምሟል። የእኛ ሰው እዚህ ፈረንጅ አገርም ድግስ ካለ ስለ ፓርኪንግ አይጨነቅም። አንዱ የአንዱን ኋላ ዘግቶ ያቆምና "የሚወጣ ካለ ጥሩኝ" ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። እኔ አንድ እጄ በጄሶ ታስሮ፣ በደህናው እጄ የበረንዳውን ብረት ይዤ፣ "ዛሬ የአንዱ ጉድ ፈላ" እያልኩ ቁልቁል አያለሁ።

ሾፌሩ ወረደ። በር የሚያክል ሰው ነው። ስልኩን እያየ፣ ታርጋ ታርጋውን እያነበበ፣ በመኪኖቹ መሀል በጎን በጎኑ ይሾልካል። ከድግስ ቤቱ ዘመዶች አንዷ እንግዳ መስሏት "ግባ እንጂ! ምን ውጭ ያስቆምሃል?" ትለዋለች በአማርኛ። እሱ ፈገግ ይላል። መጨረሻ ላይ ስልኩን ለጋሼ አሳያቸው።

ጋሼ የምላቸው ፊት ለፊቴ ያለው በር ውስጥ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን ታክሲ ላይ ጨርሰው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ስልኩን አዩ። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው እንደገና አዩ። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ።

"አንቺ ልጅ፣ የመኪናሽ ታርጋ በምንድን ነው የሚያልቀው?"

ነገርኳቸው።

"እንግዲያው ውረጂ" አሉኝ።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። የእኔ መኪና ጥጉ ላይ፣ ግድግዳው ሥር ናት። ከፊቷ የክርስትና አባት መኪና፣ ከጎኗ የአጎት፣ ከኋላዋ ባለቤቱ እንኳን የማይታወቅ ሌላ። እንኳን ጎታች፣ ድመት አያስወጣም። ሾፌሩ ራሱን አከከ። የነዚህን ሁሉ ባለቤቶች ፈልጎ ለማስነሳት ድግሱ ማለቅ ነበረበት፤ የእኛ ድግስ መቼ እንደሚያልቅ ደግሞ እኛም አናውቅም። ለጋሼ ባንክ እንደላከው፣ ተመልሶ እንደሚመጣ ነግሯቸው ዞረ። ያቺ ዘመድ ግን ባዶ እጁን አልሸኘችውም። በፎይል የተሸፈነ ሳህን አስታቀፈችው።

"ያቃጥላል በሉት፣ ጋሼ! ዶሮው ያቃጥላል!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። መኪናዬን ሊወስዷት መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው።

ስለ መኪናዋ ልናገር። እኔ ቤት አጸዳለሁ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ሥራ ግን አያቅተኝም። ደንበኞቼ ሁሉ ከወንዙ ማዶ ባለችው ከተማ፣ አሌክሳንድሪያ ናቸው። ቫኪዩም፣ ባልዲ፣ መወልወያ፣ የጠርሙስ ዓይነት ሁሉ ጭኜ ነው የምሄደው፤ ይህን ይዞ ሜትሮ ባቡር ውስጥ መግባት አይቻልም። መኪና ከሌለ ሥራ የለም፣ ሥራ ከሌለ ሬንት፣ የቤት ኪራይ፣ የለም። ልጄ ኮሌጅ ናት፤ የምታርፍባት ቤት ይቺው አንድ ክፍል ናት። ስለዚህ ሲወስዱብኝ የሚወስዱት መኪና ብቻ አይደለም።

የገዛሁትም እዚያው አሌክሳንድሪያ፣ በባንክ ብድር ነው። ያን ቀን ያስተረጎሙልኝ ጋሼ ነበሩ። የብድሩን ወረቀት የሚያስፈርመው ሰው፣ ፈገግታው የማያልቅ፣ "ብድርሽ ላይ ኢንሹራንስ ይጨመርልሽ፤ ብትታመሚ፣ ብትጎጂ፣ መሥራት ቢያቅትሽ እሱ ይከፍልልሻል" አለ። ጋሼ ሲነግሩኝ ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም።

"ይሄማ እድር ነው!" አልኩ።

"እድር ነው እንበል" አሉ ጋሼ።

እናንተው ፍረዱኝ። በየወሩ ትከፍላለህ፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ይደርሱልሃል። ሌላ ምን ይባላል? እንዲያውም ለሴት ወዳጆቼ ሁሉ "ፈረንጆችም እድር አላቸው እኮ፣ ስሙን ቀይረውት ነው" እያልኩ አወራሁ። ምን ሲሆን ነው የምትከፍሉት፣ ለማን ነው፣ እንዴት ነው ብዬ አንድም ነገር አልጠየቅኩም። እድር ገብቶ "ስሞት ስንት ድንኳን ትጥላላችሁ?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይቼ አላውቅም። ነውር ነው፤ ሞት መጥራት ነው።

በክረምቱ በረዶ ደንበኛዬ ቤት ደረጃ ላይ ተንሸራትቼ ወደቅኩና የእጄ አንጓ ተሰበረ። አለቀስኩ፣ ግን አልደነገጥኩም። እድር አለኝ። እድር ሲኖርህ ደግሞ የሚጠበቅብህ መንገር ብቻ ነው። ሰው ይሄድና ለዳኛው ይነግራል፣ የቀረውን እነሱ ያውቃሉ። እኔም እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የባንኩ ብራንች ገባሁ፣ ተሰለፍኩ፣ ተራዬ ሲደርስ ጄሶውን ከፍ አድርጌ መስኮቱ ላይ ላለችው ልጅ አሳየኋት። ልጅቷ ዓይኗ እንባ አቅርሮ "ኦ፣ አይ አም ሶ ሶሪ" አለችኝ። ተነገረ ማለት ነው ብዬ አመስግኜ ወጣሁ። ክፍያውንም አቆምኩ።

ከዚያ ከባንኩ ይደውሉልኝ ጀመር። እንግሊዝኛው ይፈጥንብኛል፤ ስሜንና የባንኩን ስም ነው የምለየው። ሊጠይቁኝ ነው ብዬ አሰብኩ፤ የታመመ ይጠየቅ የለ? "ታንክ ዩ፣ ታንክ ዩ! አይ አም ቤተር! ጋድ ብሌስ ዩ!" እልና እዘጋለሁ። ደጋግመው ሲደውሉ "ምን ዓይነት ደግ ሰዎች ናቸው" ብዬ ለጋሼ ነግሬያቸዋለሁ። ሰዎቹ እኔን ምን ብለው ይሆን ስልኩን የሚዘጉት? ዛሬ ሳስበው ብቻዬን ያስቀኛል።

ከክርስትናው በኋላ ልጄን ጠራኋት። ባንኩን ኮል አደረገች፤ እኔ ጎኗ ሶፋው ላይ ፊቷን አነባለሁ። ፊቷ እየጠቆረ ሄደ።

"ማሚ፣ ኢንሹራንሱ ለአንቺ አይከፍልም።"

"ለምን? እጄ እስኪሰበር አንድ ወር አላጓደልኩም እኮ!"

"ተቀጣሪ ለሆነ ሰው ብቻ ነው የሚሠራው። አለቃ ላለው። አንቺ ለራስሽ ነው የምትሠሪው።"

"ታዲያ ሲሸጡልኝ አላወቁም?"

ልጄ ግንባሯን ቋጠረች። ስትናደድ የአባቷን ግንባር ታመጣለች።

"ዌት። ይሄ ልክ አይደለም። መጀመሪያውኑ ልትጠቀሚበት የማትችዪውን ነገር ነው የሸጡልሽ። እንዲህ ከሆነ የከፈልሽውን በሙሉ እንዲመልሱ መጠየቅ ትችያለሽ። ሰዎች ያስመልሳሉ።"

"ባንክ ገንዘብ ይመልሳል?"

"ካስጨነቅሽው።"

ማስጨነቁን እሷ ጀመረች። ደወለች፣ ቅሬታ አስመዘገበች፣ "እናየዋለን" ተባለች። ጎታቹን መኪና ግን ማንም አላቆመልንም። "ያ ሌላ ክፍል ነው" ይላሉ፤ ሌላው ክፍል ሲደወል ደግሞ ሙዚቃ ነው። ያንን ሙዚቃ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ድስት ሳማስል ሁሉ ያስፏጨኛል።

እኔ ፈሪ ነኝ። ልጅ ሆኜም ፈሪ ነበርኩ። ጎታቹ እንዳያገኛት ጋሼ እንዲነዱልኝ ለምኜ መኪናዋን ዊተን የሚባል ሰፈር፣ አንዲት ወዳጄ ቤት ጓሮ አስቀመጥኳት። ከዚያም አላረፍኩም። አውቶቡስ ይዤ ሄጄ አያታለሁ። ወዳጄ በር ስትከፍት "ዛሬስ እንዴት አደረች?" እላታለሁ። "ደህና ናት፣ ትንሽ ቅጠል ወድቆባታል" ትለኛለች። ቅጠሉን እጠርግላትና እመለሳለሁ። ቤቴ ደግሞ አንድ ትልቅ መኪና ውጭ ባጓራ ቁጥር መጋረጃ ገልጬ አያለሁ። ለቆሻሻ መኪናው ስንቴ ደንግጬለት ይሆን።

አንድ ቀን ጋሼ በሬን አንኳኩተው ገቡና ቆመው ቀሩ።

"ልጄ፣ ሽማግሌ እንላክባቸው።"

"በማን ላይ?"

"በባንኩ።"

ልጄ ከኮምፒውተሯ ላይ ቀና አለች። "ጋሼ፣ ኖ! ባንክ እኮ ነው! ሚስት ልትጠይቁ ነው እንዴ?"

"ሚስት የጠየቅሁባቸው ቤቶች ከባንክ የባሱ ነበሩ" አሉ ጋሼ። "ስልክ ሰው አያይም። ሰው ሰውን ሲያይ ነው የሚያፍረው።"

"ሰዉ ጥበቃ ይጠራባችኋል!"

"ይጥራ። እናስታርቀዋለን።"

ሦስት ሆነው ሊሄዱ ተስማሙ፤ ጋሼ፣ የእድራችን ዳኛ፣ እና የዳኛው ጓደኛ የሆኑ ዝምተኛ አዛውንት። እኚህ ሦስተኛው ንግግር አይወዱም፤ ግን ቁመታቸው ረጅም፣ ሪዛቸው ነጭ፣ ኮታቸው ጥቁር ስለሆነ ለሽምግልና ሁሌ ይፈለጋሉ። በተቀጣጠሩበት ቀን ሦስቱም ከረባታቸውን አስረው መጡ። ልጄ ለማስተርጎም በጋሼ መኪና ከኋላ ከእኔ ጋር ተቀመጠች፤ ቤልትዌዩን፣ ቀለበት መንገዱን፣ ስንጨርስ፣ ድልድዩን ስንሻገር፣ "ኦ ማይ ጋድ፣ ኦ ማይ ጋድ" እያለች ነበር።

አሌክሳንድሪያ ያለው ብራንች፣ ብድሩ የወጣበት፣ ትንሽ ነው። በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ የእኛ ሰው ሆኖ ተገኘ። ሽማግሌዎቹን ሲያይ ምን እንደነካው እንጃ፣ ኮፍያውን አውልቆ ጎንበስ አለ። የባንኩ ማኔጀር ልጄን ትንሽ የምትበልጥ ወጣት ሴት ናት። የቆመውን የከረባት ሰልፍ አይታ ፈጠን ብላ መጣች። ወደ ቢሮዋ አስገባችን፣ ወንበር አሳየች።

ማንም አልተቀመጠም።

"ፕሊስ" አለች እንደገና።

"አንቀመጥም" አሉ የእድሩ ዳኛ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። "የመጣንበት ጉዳይ እሺ ሳይባል አንቀመጥም። ንገሪያት።"

ልጄ ነገረቻት፤ ጆሮዋ ድረስ ቀልታ። ማኔጀሯ ውሃ ላምጣላችሁ አለች። ውሃም አይጠጡም። ግራ ገብቷት በመስታወቱ በኩል ጥበቃውን ጠራችው።

"ምን ፈልገው ነው?" አለችው።

"ገና አልተናገሩም" አላት።

"ታዲያ ለምን አይቀመጡም?"

"እሺ እስክትዪ ነው።"

"ምኑን ነው እሺ የምለው?"

"እሱን ገና አልተናገሩም" አላት እንደገና፣ በጣም በትሕትና።

እኔ በፍርሃት ላብ አጥምቆኝ ሳለ ሳቄ መጣ። ማኔጀሯም ከንፈሯን ነከሰች፤ እሷም ሳቋን ስትይዝ ነው። ከዚያ እሷም ከወንበሯ ተነሳች። እንግዶቹ ቆመው እኔ እንዴት ልቀመጥ ያለች መሰለኝ። ያኔ ጋሼ አየት አድርገውኝ በዓይናቸው "ይቺ ልጅ ደህና ናት" አሉኝ።

የእድሩ ዳኛ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልጄ፣ ልንጣላ አልመጣንም። እኛም አገርኛ የሆነ ማኅበር አለን፣ እድር ይባላል። እኔ ዳኛው ነኝ። በየወሩ ከሰው እንቀበላለን፣ ሐዘን ሲደርስ እንደርሳለን። አሁን አንድ ሰው ከቴክሳስ ደውሎ 'እድራችሁ ልግባ' ቢለኝ፣ ገንዘቡን እቀበለዋለሁ? አልቀበለውም። ለምን? እዚያ ድረስ ሄጄ ልቀብረው አልችልማ! የማልቀብረውን ሰው ገንዘብ በየወሩ ብበላ ምን እባላለሁ?"

ልጄ ስታስተረጉም ድምፅዋ እየተስተካከለ፣ እየጠነከረ መጣ። ማኔጀሯ በደንብ ነው የምትሰማው።

"ይህችን ሴት ተመልከቻት" አሉ ወደ እኔ እየጠቆሙ። እኔ ጄሶዬን ደበቅኩት፣ ለምን እንደሆነ እንጃ። "የራሷ ሠራተኛ ናት። የእናንተ እድር ለራሱ ሠራተኛ እንደማይደርስ ታውቁ ነበር። ታዲያ ለምን ተቀበላችኋት?"

ማኔጀሯ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች፣ ነካካች። "እዚህ ላይ ተቀጣሪ ነኝ ብላለች ይላል" አለች ቀስ ብላ።

እኔ እንዲያ አላልኩም። ግን ማን ያምነኛል? የኔ ቃል ከኮምፒውተር ጋር?

ጋሼ አንድ እርምጃ ወደፊት መጡ። በልጄ በኩል አልተናገሩም፣ በራሳቸው እንግሊዝኛ፣ በታክሲው እንግሊዝኛ፣ ቀጥ አድርገው ነገሯት። በኋላ ልጄ ነው የተረጎመችልኝ። "እኔ ነኝ ያስተረጎምኩት። ይቺ ሴት ለራሷ ነው የምትሠራው ብዬ ለሰውዬው ነግሬዋለሁ። 'ችግር የለም፣ ሁሉም ይወስደዋል፣ ኢንሹራንሱ ካለ ብድሩ ቶሎ ያልፋል' አለኝ። ያለውን እሱ ፊትም እደግመዋለሁ፣ እኔም እዚህ አለሁ። ስሜን ጻፊ። ፍርድ ቤትም ጥሪኝ።"

ሦስተኛው አዛውንት፣ እስከዚያ ድረስ ቃል ያልወጣቸው፣ ጭንቅላታቸውን በአዎንታ ነቅነቅ አደረጉ። ከንግግሩ ሁሉ ያቺ ናት የከበደችው ብል አልዋሽም።

ማኔጀሯ ተቀምጣ ትጽፍ ጀመር። ለጋሼ ደጋግማ ጥያቄ አቀረበች፣ መለሱ። በመጨረሻ እንዲህ አለች፦ ገንዘቡ ይመለስ አይመለስ የምትወስነው እሷ አይደለችም፤ ዋናው መሥሪያ ቤት ነው። ግን የምስክሩን ቃል ከቅሬታው ጋር አያይዛ ራሷ ትልካለች። ጉዳዩ እስኪታይ ድረስ መኪናው እንዳይነካም አሁኑኑ እኛው ፊት ትደውላለች። ደወለች። ሙዚቃው መጣ፤ ያው የኔው ሙዚቃ! ግን ለእሷ ቶሎ አነሱላት።

ስልኩን ዘግታ "እሺ። ቆሟል" አለችን። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞራ፣ እጆቿን አጋጥማ፣ "አሁንስ ትቀመጣላችሁ?"

ተያዩ።

"እሺ ብላለች?" አሉ የእድሩ ዳኛ ልጄን።

"እሺ ብላለች።"

ተቀመጡ። የጉልበታቸው ድምፅ ሦስት ቦታ ተሰማ። ውሃውንም ጠጡ፣ ሳህኑ ላይ የነበረውን ከረሜላ ጨረሱት፣ ሲወጡም መረቋት። ምርቃቱን ልጄ እንዴት እንደተረጎመችው አላውቅም፤ ማኔጀሯ ግን "አሜን" ብላለች።

መጠበቁ ከባድ ነበር። መኪናዋን አይነኩም ቢባልም ከዊተን አላወጣኋትም፤ ፍርሃቴ ትዕዛዝ አይሰማም። ጄሶው ተፈታልኝ። የራሳቸው ቫኪዩም ያላቸውን ደንበኞች ብቻ መርጬ፣ ጨርቆቼን በቦርሳ ይዤ በሜትሮ መሥራት ጀመርኩ። ልጄ እየደወለች "እስካሁን ምንም?" ትላለች፤ "እስካሁን ምንም" እላለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ደንበኛዬ ወጥ ቤት ውስጥ ምድጃ እየፈተግሁ ስልኬ ጮኸ። ድምፅዋን ለየሁት፤ ማኔጀሯ ናት። ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል ትናገራለች። "ኦል" የሚለውን ሰማሁ።

"ኦል?" አልኳት።

"ኦል። ኤቭሪ ሳንቲም" ያለች መሰለኝ።

አላመንኩም። ጠብቂ ብዬ ልጄን መስመሩ ውስጥ አስገባኋት። ልጄ ክፍል ውስጥ ነበረች፤ ኮሪደር ላይ ስትወጣ የበሩ ድምፅ ተሰማኝ። አወሩ። ከዚያ ልጄ ጮኸች፤ ሰው ሁሉ ዞሮ ሳያያት አይቀርም።

"ማሚ! ሁሉንም ይመልሳሉ! ያቋረጥሽው ክፍያ ከእሱ ላይ ይዘጋል፣ ይተርፍሻል። ኢንሹራንሱ ተነስቷል። ከአሁን በኋላ የወሩ ክፍያሽም ይቀንሳል!"

"ጎታቹስ?"

"የለም፣ ማሚ። ጎታች የለም።"

"በደንብ ጠይቂያት።"

ጠየቀቻት። ማኔጀሯ ራሷ በዝግታ ነገረችኝ፤ ይሄኛው እንግሊዝኛ ገባኝ። ጓንቴን ሳላወልቅ ምድጃው ሥር ቁጭ አልኩና አለቀስኩ። ደንበኛዬ ሮጣ መጥታ ምን ሆንሽ አለችኝ። "ጉድ! ጉድ!" አልኳት፣ ደስታ ነው ለማለት። ውሃ ሰጠችኝ። ከዚያ ተነስቼ ምድጃውን ጨረስኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ አጽድቼ አላውቅም።

ቀጥታ ዊተን ሄድኩ። ወዳጄ ቁልፉን ሰጠችኝና "ልትወስጃት ነው? ለምደናት ነበር እኮ" አለችኝ። መሪውን ስይዝ አንጓዬ ትንሽ አመመኝ። ጆርጂያ አቬኑን ቀስ ብዬ፣ ከኋላዬ ሰው ጥሩምባ እየነፋብኝ፣ ወደ ቤቴ መጣሁ። ሕንፃችን ፊት ለፊት፣ በቀን ብርሃን፣ መንገዱ ዳር፣ ሁሉም በሚያይበት አቆምኳት። ሞተሩን አጠፋሁ፤ ትንሽ ቁጭ አልኩ። በአጠገቤ መኪኖች አለፉ፣ አንዱም አላስደነገጠኝም።

አሁንም ይህን የምጽፈው መኪናዋ በመስኮቱ እየታየችኝ ነው። ነገ ጠዋት አሌክሳንድሪያ ሥራ አለኝ፤ ቫኪዩሙ ከኋላ ተጭኗል። ብድሬን እከፍላለሁ፣ ሬንቴን እከፍላለሁ፣ ልጄ ቅዳሜ ትመጣለች። መኪናዬን ማንም አይወስዳትም። ድኛለሁ።